ወደ አንጎል የሚሄደው ደም



በቅርቡ ስለ መርሳት በሽታ ስንነጋገር ከመካከላችን አንዱ «ይህማ እርጅና ነው፤ ምኑ ይመረመራል?» አለን። ቀልዱን አልነበረም። በየቤታችንም ሽማግሌ ሲረሳ «ጃጀ» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። እኛ ዛሬ የተነሣነው ይህን የተዘጋ ነገር ጥቂት ለመክፈት ነው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ልብ ከሚረጨው ደም ግን 15 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። በጤነኛ ጎልማሳ 100 ግራም የአንጎል ክፍል በየደቂቃው 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያገኛል። ይህን በሰው ላይ አስተማማኝ በሆነ መንገድ የለኩት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካውያኑ ሲይሞር ኬቲና ካርል ሽሚት ናቸው። ሰውዬው ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ እየተነፈሰ፣ ወደ አንጎል ከሚሄደውና ከአንጎል ከሚመለሰው ደም እየተቀዳ ይመረመር ነበር። ድንቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሚሰጠው የጠቅላላውን አማካይ ስለሆነ፣ የተጎዳው የትኛው ክፍል እንደሆነ አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ1992 ጆን ዴትሬ፣ አላን ኮሬትስኪና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ዘዴ ግን መርፌም ጨረርም አያስፈልግም። ሰውዬው ኤም አር አይ በተባለው መሣሪያ ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ በአንገቱ በኩል በሚያልፈው ደም ውስጥ ያለው ውኃ በማግኔት ኃይል ምልክት ይደረግበታል። ሁለት ሴኮንድ ያህል ይጠበቅና አንጎሉ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ምልክት ሳይደረግም ሌላ ይነሣና አንዱ ከሌላው ይቀነሳል። የቀረው ልዩነት የደረሰው ደም ነው። ልዩነቱ 1 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ፎቶግራፉ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ቡና ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ ከመነሣት በፊት አለመጠጣት ይመረጣል፤ ይህ ለአገራችን ሰው ቀላል ትእዛዝ አይደለም!

ታዲያ ደሙ አንሶ ሲታይ ምን ማለት ነው? በመስኖ የሚለማ ማሳ ደርቆ ብናይ፣ ቦዩ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሰብሉ አስቀድሞ በበሽታ ሞቶ ገበሬው ውኃውን ወደ ሌላ መልሶት ይሆናል። በአልዛይመር በሽታ የደከሙት ሕዋሳት የሚፈልጉት ደም ያንሳል፤ በደም ሥር በሽታ ግን መንገዱ ራሱ ተበላሽቷል። በብዙ አረጋውያን ደግሞ ሁለቱ አብረው ይገኛሉ።

እጅግ ያስገረመን የሚከተለው ነው። የደም ሥሩ የተጎዳ ሰው ደሙ ይዘገያል። ፎቶግራፉ ሲነሣ ምልክት የተደረገበት ደም ገና በትልልቆቹ ሥሮች ውስጥ ስለሚሆን፣ ሥዕሉ እዚህ ሲያበራ እዚያ ሲጨልም ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ይህ የሥዕሉ ጉድለት ተብሎ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ሄንክ ሙትሳርትስና ባልደረቦቹ ዥጉርጉርነቱን ራሱን በመለካት የደም ሥሮቹን ሁኔታ ለመገመት እንደሚቻል አመለከቱ።

ለበሽተኛውስ ምን ይረባዋል? የአረጋዊ የደም ግፊት በብዙ ሲቀነስ አንጎሉ ደም ያጣል የሚል ሥጋት ነበር። ስፕሪንት በተባለው የአሜሪካ ጥናት 9,361 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ የአንደኛው ወገን የላይኛው ግፊት ከ120 በታች፣ የሌላው ከ140 በታች እንዲሆን ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት መሠረት በአንደኛው ወገን ቀለል ያለው የማሰብ ችግር አንሶ ተገኘ፤ በመርሳት በሽታ በኩል ግን ልዩነቱ አስተማማኝ አልነበረም። ከእነዚሁ ሰዎች የተወሰኑት አንጎላቸው በዚያው በማግኔት ዘዴ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 እንደተገለጠው፣ ግፊታቸው ይበልጥ በወረደላቸው ዘንድ የአንጎል ደም አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ።

ይህን ሰምታችሁ ሥዕሉ ብቻውን በሽታውን ይለያል ብላችሁ እንዳትወጡ እንለምናለን። መጠኑ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ደም ያነሰው ሰው እንኳ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ከሌላው ይበዛል። መሣሪያውም ውድ ነው። የደም ግፊት መለኪያ ግን በየጤና ጣቢያው አለ።

ያ ጓደኛችን እዚህ ከፊት ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ለእርሱ ትተንለታል።