ካርዱ ላይ ፊደሉ ሲጠፋ፦ በስልክ አረብኛ ለምናጠና እህቶች
(በአርብ ስብሰባችን የተደረገ ንግግር)

ከደማምም ከኾባርም የመጣችሁ፣ ያቺን አንዲት የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። «አንቺ ስልክ ትችያለሽ፣ አስረጂን» ስትሉኝ ሳቄ ነው የመጣው። እኔ አስረኛ ክፍል ጨርሼ የወጣሁ ልጅ ነኝ እንጂ ኮምፒውተር የተማርኩ አይደለሁም። የምነግራችሁ ተሳስቼ ያየሁትን ነው።

አንኪ የሚባለውን የማጥኛ ፕሮግራም ብዙዎቻችሁ ጭናችኋል። ለማታውቁት ባጭሩ ልናገር። ካርድ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ አረብኛው፣ ጀርባው ላይ ትርጉሙ አለ። ያወቃችሁት ቃል ከቀናት በኋላ ይመለሳል፣ ያላወቃችሁት ግን ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይጠይቃችኋል። ዴሚየን ኤልምስ የሚባል ሰው በፈረንጅ 2006 ነው ያወጣው። አንድሮይድ ስልክና ኮምፒውተር ላይ በነጻ ነው፣ አይፎን ላይ ግን ይከፈልበታል። አንዴ ካርዶቹ ከገቡ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዋይፋይ ለማይሰጣት እህት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ካርዶቹን ራሴ አልሠራሁም። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ሆኖ በላፕቶፑ ከዚህም ከዚያም ኮፒ እያደረገ ሠራና በቴሌግራም ላከልኝ። ቀን ቀን ኩሽና ውስጥ ሳየው ችግር የለውም። ማታ ግን የምተኛው ከትንሿ ልጅ ጋር ስለሆነ፣ ብርሃኑ እንዳይቀሰቅሳት ናይት ሞድ አደረግኩት። ያኔ ግማሹ ካርድ ባዶ ሆነ! ጥቁር ብቻ። ስልኩ ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ጣቴን ጫን አድርጌ ስይዘው ግን ቃሉ ብቅ አለ። አልጠፋም ነበር፤ ጥቁር ጽሑፍ ጥቁር መደብ ላይ ተኝቶ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ከድረ ገጽ ወይም ከፋይል ላይ ጽሑፍ ኮፒ ስታደርጉ ቃሉ ብቻውን አይመጣም። ቀለሙን፣ መጠኑን፣ የፊደሉን ዓይነት ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ያ ቀለም «ጥቁር» ተብሎ ከተጻፈበት፣ መደቡ ሲጠቁርም እሱ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ራሳችሁ የጻፋችሁት ቃል ግን ቀለም ስላልተሰጠው ከመደቡ ጋር ይለወጣል፤ መደቡ ሲጠቁር እሱ ነጭ ይሆናል።

እኔ ይሄን ሳላውቅ ካርዱን ለማስተካከል ኤዲት የምትለዋን እርሳስ ነካሁ። ከቃሎቹ መሀል በቀስት ጫፍ ምልክቶች የታጠሩ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ሞልተው አየሁ። ቆሻሻ መሰሉኝና ሁሉንም አጠፋኋቸው። ካርዱ አማረ፣ ፊደሉም ማታ ታየኝ። ደስ አለኝ። ስህተቴ ግን እዚያ ላይ ነው የጀመረው።

የምሠራበት ቤት የማዳም እናት አሉ፣ ማማ ነው የምንላቸው። የማማን መድኃኒት የምሰጠው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ያዘዘውን ማዳም ስትነግረኝ፣ ቃሉን እንዳጠናበት ብዬ ልጁ ካርድ አድርጎልኝ ነበር። አራት መስመር ነው፦

ከምግብ በፊት
የስኳር ክኒን
ከምግብ በኋላ
የግፊት ክኒን

እኔ ምልክቶቹን ሳጠፋ መስመሮቹ ተያያዙ። «ከምግብ በፊት የስኳር ክኒን ከምግብ በኋላ የግፊት ክኒን» ሆነ። እስቲ ደክሟችሁ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አንብቡት። እኔ መሀሉን ነው የያዝኩት፦ «የስኳር ክኒን ከምግብ በኋላ»። እሱን ለሳምንት አጠናሁት። ማዳም ከቤት በሌለችበት ቀን ማማን አብልቼ የስኳሩን ክኒን ይዤ ቀረብኩ። ማማ እጄን ገፋ አድርገው «ላ፣ ላ! ቀብል አል አክል!» አሉኝ። ከምግብ በፊት ነው ማለታቸው ነው። እግሬ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው ባያስታውሱትስ? ማዳም ጋ ደውዬ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኩ፤ የነገረችኝን አደረግኩ። ምንም አልሆኑም፣ ተመስገን።

ቀለሙ ለቃሉ ምንም አይጨምርለትም። መስመሩ ግን የትርጉሙ ክፍል ነው። ካርድ ስታጸዱ ቀለሙን አውጡ፣ መስመሩን አትንኩ። የዛሬው ንግግሬ ይሄው ነው፤ የቀረው አሠራሩ ነው።

አንደኛ፣ ከመጀመሪያው ንጹሕ ጽሑፍ አስገቡ። ስልካችሁ ላይ ባዶው ቦታ ላይ ጣታችሁን ስታቆዩ «ፔስት» ይላችኋል። ጽሑፉ ቀለም ይዞ ከመጣ ደግሞ «ፔስት አዝ ፕሌይን ቴክስት» የሚልም ይጨምራል፤ እሱን ንኩ፣ ቃሉ ብቻውን ይገባል። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራላችሁ ዘመድ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ አንድ ላይ ይጫን በሉት።

ሁለተኛ፣ የተበላሸ ካርድ ስታስተካክሉ ሁሉንም አታጥፉ። በቀስት ጫፎቹ መሀል «ቢ»ና «አር» ብቻ ያለበት ምልክት ወደ አዲስ መስመር ውረድ ማለት ነው፤ ተዉት። «ዲ፣ አይ፣ ቪ» የሚለውም መስመር ይለያል። የምታወጡት ቀለሙን ነው። ስታይል ወይም ከለር የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጉ። መጀመሪያ ካገኛችሁት ቃል ጀምራችሁ እስከ ሁለተኛው የጥቅስ ምልክት አጥፉ፤ የቀስት ጫፎቹን አትንኩ። ካርዱ ብዙ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ «ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» የሚባል አለ፤ ብዙውን ባንድ ጊዜ ያጸዳል። ግን አስቀድማችሁ የካርዶቹን ቅጂ አስቀምጡ።

ሦስተኛ፣ አረብኛና አማርኛ አንድ መስመር ላይ አትደባልቁ። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እነሱ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚጽፉት። አንድ ቀን በእኛ ቁጥር 2 ብዬ ጀምሬ፣ ከዚያ በአረብኛ ፊደል «ክኒን»፣ ቀጥዬ 3 ብዬ «ጊዜ» ጻፍኩ። 2ቷ ግራ ጥግ ላይ ቀረች። ከቀኝ ጀምሮ ለሚያነብ «ክኒን 3 ጊዜ 2» ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር መድኃኒት ላይ አያስቅም። ስለዚህ አረብኛው ለብቻው መስመር ላይ ይሁን፣ ቁጥሩንም በፊደል ጻፉት፣ «ሁለት»፣ «ሦስት» ብላችሁ።

አራተኛ፣ የድሮ የአማርኛ ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ከመጣባችሁ፣ ስልኩን አትውቀሱ። የኛ ፊደል ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት በዩኒኮድ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የኮምፒውተር ፊደሎች በእንግሊዝኛው ቦታ ላይ የተቀመጡ ነበሩ፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ሰው ሲጽፍባቸው ቆይቷል። ፊደሉ የሌለው ስልክ ሊያሳያቸው አይችልም። ዕድሜያችሁን አትፍጁ፣ እንደገና ጻፉት።

አምስተኛ፣ አንድ ካርድ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አድርጉ። የኔ አራት መስመር ሁለት ካርድ መሆን ነበረበት። «የስኳር ክኒን መቼ?» አንድ ካርድ፣ «የግፊት ክኒን መቼ?» ሌላ ካርድ። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ቢጠፋም አልሳሳትም ነበር።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ካርድ ቃል ማጥኛ ነው፣ የሐኪም ትዕዛዝ አይደለም። መድኃኒት ስትሰጡ ሣጥኑን አሳይታችሁ ማዳምን ጠይቁ። «ስንቴ ትጠይቂኛለሽ» ብትል ትበል። እኔ አሁን በየቀኑ «ቀብል ወላ በዕድ?» እያልኩ እጠይቃለሁ፣ በፊት ነው ወይስ በኋላ ማለት ነው። ማማም ይስቁብኛል፣ ግን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይመልሱልኛል።

ሻይ ከጠጣን በኋላ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ። ናይት ሞድ አድርገን ባዶ የሚሆነውን ካርድ አንድ በአንድ እናያለን።