በጭብጨባ የፈረሰው ምክር ቤት
(በአዲስ አበባ ለተሰበሰቡ ወጣት ጋዜጠኞችና መምህራን የቀረበ ንግግር)



ስለ ክልል ምክር ቤቶች እንድናገር ስትጋብዙኝ ቶሎ ትዝ ያለኝ አንድ የበጀት ስብሰባ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘገባ ሄጄ ከኋላ ወንበር ተቀምጫለሁ። ሪፖርት ተነበበ። ሁለት ሰዎች «ገንቢ አስተያየት» ሰጡ። አፈ ጉባኤው «የሚደግፍ?» አሉ፤ አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። «የሚቃወም? ድምፀ ተአቅቦ?» ብለው ቀና እንኳ ሳይሉ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አሉ። ተጨበጨበ፤ ወደ ሻይ ተወጣ።

በሻይ ሰዓት አንድ አዛውንት ተመራጭ ጠጋ ብዬ፣ «አባባ፣ ሰነዱን አንብበውታል?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሰነዱማ የደረሰን ዛሬ ጠዋት ነው። እኔ የማነበው የፊት ወንበሩን ነው። እነሱ ሲያነሡ አነሣለሁ» አሉኝ። ተሳሳቅን። ዘገባዬም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ታተመ። ስንት እጅ እንደ ተነሣ ግን እኔም አልቆጠርኩም።

ዛሬ የመጣሁት ያልተቆጠረ እጅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለመናገር ነው። ለዚህ ደግሞ ከአስመራ የበለጠ ምስክር የለኝም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 1943 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት፣ ኤርትራ በመስከረም 1945 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። የራሷ ሕገ መንግሥት፣ የራሷ ባንዲራ፣ ትግርኛና ዐረብኛ የሆኑ የሥራ ቋንቋዎች፣ 68 አባላት ያሉት ምክር ቤትም ነበራት። በ1944ቱ ምርጫ የአንድነት ፓርቲው 32፣ የዴሞክራሲ ግንባሩ 18፣ የምዕራብ አውራጃ ሙስሊም ሊግ 15 ወንበር አገኙ። ልብ በሉ፣ ማንም ብቻውን አብላጫ አልነበረውም። ሕገ መንግሥቱ የወጣው በክርክርና በድርድር ነው። ያ ምክር ቤት ሲጀምር ምክር ቤት ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥቂት በጥቂት ተሸረሸረ። የመጀመሪያው ዋና አስፈጻሚ ተድላ ባይሩ በ1947 ለቀቁ። በኋላ በመጡት ምርጫዎች ፓርቲዎቹ እንደ ፓርቲ መወዳደር አልቻሉም። በታኅሣሥ 1951 ባንዲራው ወረደ። በግንቦት 1952 «የኤርትራ መንግሥት» የሚለው ስም «የኤርትራ አስተዳደር» ተባለ። ይህን ሁሉ ያጸደቀው ማን መሰላችሁ? ምክር ቤቱ ራሱ ነው! የራሱን ወንበር እግር በየተራ እየቆረጠ ቆየ።

በመጨረሻ ረቡዕ ኅዳር 5 ቀን 1955 ደረሰ። ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት በከተማይቱ የጸጥታ ኃይል ተሰማርቶ ነበር። ዋና አስፈጻሚው ቢትወደድ አስፍሐ ወልደሚካኤል ቆመው መግለጫ አነበቡ፤ ፌዴሬሽኑ ቀርቷል፣ ሙሉ በሙሉ ከእናት አገር ጋር ተዋሕደናል የሚል ነው። ክርክር የለም። ድምፅ አልተቆጠረም። ተጨበጨበ፤ «በሙሉ ድምፅ» ተባለ። በማግስቱ ትእዛዝ ቁጥር 27 ወጣ፤ ኤርትራ እንደ ሌሎቹ አንድ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። በድርድር የቆመ ምክር ቤት በአንድ ቀን ጭብጨባ ፈረሰ።

እዚህ ላይ የሚቆጣኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። «ታዲያ አንተ አንድነት ጠልተህ ነው?» ይለኛል። ወንድሜ፣ እኔም የአንድነት ሰው ነኝ። በዚያ አዳራሽ ውስጥም አንድነትን ከልባቸው የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። የሚያናድደኝ ይኸው ነው! እውነተኛው ድጋፍ ስንት እንደ ነበረ እንኳ ዛሬ ማስረዳት አንችልም፤ የሚወደውና የፈራው አብረው አጨብጭበዋላ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሰዎቹስ የት ደረሱ? ከምክር ቤቱ ፕሬዚዳንቶች አንዱ የነበሩት ኢድሪስ መሐመድ አደም ከዚያች ቀን በፊት፣ በ1952፣ ካይሮ ላይ ጀብሃን ከመሠረቱት አንዱ ሆነዋል። የመጀመሪያው ጥይት በነሐሴ 1953 ተተኩሷል። ከአንድነት ፓርቲው መሪዎች አንዱ የነበሩት ተድላ ባይሩ ሳይቀሩ በ1959 ጀብሃን ተቀላቀሉ። ጦርነቱን ያቺ አንዲት ቀን ብቻ አመጣችው አልልም። ግን የመናገሪያው በር ሲዘጋ ሰው ሌላ በር ፈለገ። ኅዳር 1955 ያልተቆጠረው ድምፅ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1985፣ በሪፈረንደም ተቆጠረ፤ 99.8 በመቶ «እንገንጠል» አለ። በመካከሉ ያለቀውን የሁለቱንም ወገን ልጅ ግን ማን ይቁጠረው?

«ይህ የንጉሡ ዘመን ወሬ ነው» እንዳትሉኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፣ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው ይላል። ለፊት ወንበር ተጠሪ ነው አይልም።

ደግሞም ከተቆጠረ ልዩነት ይገኛል። በ2007 ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የፌዴራል ምክር ቤት ወንበር ጠቅልለው ወሰዱ። የካቲት 23 ቀን 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለዚሁ ምክር ቤት ሲቀርብ አፈ ጉባኤው ድጋፉን መጀመሪያ 346 አሉ፤ ከ539 አባላት ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። ቆየት ብሎ 395 ነው ተባለ። አገሩ ሁሉ ሲያሰላ ዋለ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ። ተቃዋሚ ፓርቲ በሌለበት ቤት 88 «አይሆንም»! ሰው ሲቆጠር እንዲህ ይገኛል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሰነዱ ለተመራጮች ቀደም ብሎ ይድረስ። ሦስቱም ቁጥር፣ ድጋፍ፣ ተቃውሞና ተአቅቦ፣ በአዳራሹ ጮክ ተብሎ ይነገር፣ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። የተቃወመ ሰው ስሙ ይመዝገብ፣ ወንበሩም አይወሰድበት።

ለእናንተ ለጋዜጠኞቹ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ቁጠሩ። ከኋላ ወንበር ቆማችሁ፣ በጣታችሁም ቢሆን ቁጠሩ። እኔ ያን ቀን ሳልቆጥር ወጥቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።