የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ሕክምናና ስለ ሩቅ አገር ሥልጣኔ ብዙ ቁም ነገር አሰምተውናል። እኔ ግን ከከተማችን ወጣ ብለን ጥቂት ብንራመድ በዓይናችን ስለምናየው ነገር እናገራለሁ። ይኸውም በአዳይቱ ዙሪያ የሚኖረው ባላገር ቤቱን በምን እንደሚሠራና በራሱ እጅ ሥራ እንዴት አድርጎ እንደሚኖር ነው።

እንደምታውቁት አዳይቱ ከአዋሽ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ጂቡቲ በሚወስደው ታላቅ የመኪና መንገድ ላይ፣ በገዋኔና በሚሌ መካከል ትገኛለች። ከባድ መኪኖች ቀንና ሌሊት የወደብ ዕቃ ጭነው በፊታችን ያልፋሉ። ይህን እያየን ስላደግን፣ ቤት መሥራት ማለት ከመኪና ላይ የሚወርድ ዕቃ መግዛት ብቻ ይመስለናል። ገንዘብ የሌለው ሰው ቤት የለውም ብለን እናስባለን። ነገር ግን ከዚህ መንገድ በስተግራና በስተቀኝ፣ ከሱቅ አንዲት ሚስማር እንኳ ሳይገዛ ቤት ሠርቶ የኖረ ሕዝብ አለ።

የአፋር ሰው ቤት ደቦይታ ይባላል። ከሩቅ ሲያዩት የተደፋ ቅርጫት ይመስላል። አሠራሩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሲያጎብጡት እሺ የሚል፣ የማይሰበር ረዥም ለጋ እንጨት ይመረጣል። እንጨቱ እንደ ቀስት ከጎበጠ በኋላ ሁለቱ ጫፎቹ በመሬት ይተከላሉ። ሌላው እንጨት በላዩ አግድም ይጋደምና በገመድ ወይም በጠፍር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ከዚህ በኋላ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራው ሰሌን በላዩ ይደረባል። በሩ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ እንግዳው ጎንበስ ብሎ ይገባል። በውስጡም ከቀጫጭን እንጨት ተደርድሮ በጠፍር የተያያዘ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ ይገኛል።

ሰሌኑን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የዘንባባውን ቅጠል ቆርጠው ያደርቁታል፤ ሰንጥቀው በውሃ ያለሰልሱታል፤ ከዚያም እንደ ሹሩባ ይጎነጉኑታል። ጉንጉኑ ጎን ለጎን እየተሰፋ ሰፊ ሰሌን ይሆናል። እኔ ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከአንዲት አሮጊት እናት አጠገብ ተቀምጬ ይህን ሥራ ለመማር ሞክሬ ነበር። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ፍየሎቹ አድርገው፣ ከጎረቤታቸው ጋር እየተጫወቱ፣ ጣታቸውን ሳያዩ ክንድ ክንድ ሙሉ ሲጎነጉኑ፣ እኔ ዓይኔን ሳልነቅል ስንዝር አልሞላሁም። በትምህርት ቤት ስንት ዓመት ብቀመጥ በዚያ ሥራ ገና አንደኛ ክፍል እንደ ሆንሁ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህ ቤት የድህነት ምልክት ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን እንደዚያ እንዳልሆነ በሦስት ምክንያት ላስረዳ እወዳለሁ።

አንደኛው ምክንያት ሙቀቱ ነው። በአገራችን ሐጋይ በሚባለው የበጋ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የቆርቆሮ ጣራ ፀሐይ ሲነካው ወዲያው ይግላል፤ የሲሚንቶ ግድግዳም ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። በዚህ ምክንያት በከተማ ያለው ሰው አልጋውን አውጥቶ በደጅ ያድራል። ሰሌን ግን ሙቀት አያጠራቅምም። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ከግርጌው ገለጥ ሲያደርጉት አየር ይገባል፤ ዝናም ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሰሌን ይደረብበታል። ክብ ስለ ሆነም ኃይለኛ ነፋስ የሚይዘው ማዕዘን አያገኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ኑሮው ነው። የአርብቶ አደር ሀብት ከብቱ፣ ግመሉ፣ ፍየሉና በጉ ነው። እነዚህም ሣርና ውሃ ወዳለበት መሄድ አለባቸው። ካርማ የሚባለው የክረምት ዝናምና ሱጉም የሚባለው የበልግ ዝናም በየቦታው እኩል አይዘንቡም። ስለዚህ ሣሩ ሲያልቅ ሴቶቹ ሰሌኑን ይጠቀልላሉ፤ እንጨቱን ፈትተው በግመል ይጭናሉ፤ ከአዲሱ ሰፈር ሲደርሱም በዚያው ቀን ቤቱን መልሰው ያቆሙታል። በቀድሞው ቦታ የሚቀረው ጥቂት አመድና ሦስት የምድጃ ድንጋይ ብቻ ነው። መሬቱም ዐርፎ ሣሩ መልሶ ይበቅላል።

ሦስተኛው ምክንያት የምንኖርበት ምድር ጠባይ ነው። አገራችን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለ ሆነች ምድሪቱ ትንቀጠቀጣለች። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ማጀቴ ፈረሰች። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ አፋር ውስጥ የሰርዶ መንደር ወድማ የሰው ሕይወት ጠፋ። እኛም በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ግድግዳ ሲሰነጠቅና ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ሲነሡ አይተናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰውን የሚገድለው በላዩ የሚወድቀው ድንጋይና ብሎኬት ነው። ከእንጨትና ከሰሌን የተሠራ ቤት ቢወዛወዝ መልሶ ይቆማል፤ ቢወድቅም ሰው አይገድልም።

ከነዚህ ሌላ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ትልቅ ነገር አለ። በአፋር ልማድ ቤቱ የሴቲቱ ነው። ሴት ልጅ ስትዳር እናቷና የዘመድ ሴቶች ተረዳድተው ሰሌኑን ያዘጋጁላታል። የምትሠራው እሷ ናት፤ የምትነቅለውና የምትተክለውም እሷ ናት፤ ስለዚህ ባለቤቷም እሷ ናት። የብሎኬት ቤት ሲሠራ ግን መሬቱ በማን ስም ይጻፋል? ቁልፉስ በማን እጅ ይሆናል? በዚህ የተቀመጣችሁ ወላጆቻችን ይህን ጥያቄ እንድታስቡበት በትሕትና እለምናለሁ። አዲስ ቤት ስንሠራ እናቶቻችንን ከባለቤትነት የምናወጣ ከሆነ፣ የግድግዳው መጠንከር ብቻውን ምን ይጠቅመናል?

በዚህ አገር ራስን መቻል በቤት ብቻ አያበቃም። የወተቱ ዕቃ ከዘንባባ ቅጠል ጠብቆ ይሠራል፤ ወተቱ እንዳይበላሽና መልካም መዓዛ እንዲኖረው ዕቃው በተመረጠ እንጨት ጢስ ይታጠናል። ውሃ የሚቀዳው በፍየል ቆዳ ስልቻ ነው። ቅቤም በስልቻ ይናጣል። ግመል ሌላው ከብት በሚነጥፍበት በድርቅ ጊዜ እንኳ ወተት ይሰጣል። ወሬም ቢሆን አይገዛም፤ ዳጉ በሚባለው ልማድ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ዝናም የት እንደ ዘነበ፣ ሣር የት እንዳለ፣ የከብት በሽታ የት እንደ ገባ አንዱ ለሌላው ያስረዳል። የሰማውንም ሳያጣምም ማስተላለፍ ግዴታው ነው።

ራስን መቻል ሲባል ግን ከሰው ተለይቶ መኖር ማለት አይደለም። የአፋር ባላገር ከብቱን፣ ቅቤውንና ሰሌኑን ይዞ ሰኞ በባቲ፣ እሑድ በሰንበቴ ገበያ ይወጣል፤ ከደገኛውም እህልና ልብስ ሸምቶ ይመለሳል። ደገኛውም እንዲሁ ባለሙያ ነው። ጎጆውን ከአገሩ እንጨት ያቆማል፤ ማገሩን በልጥ ያስራል፤ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጦ ካቦካ በኋላ ይመርገዋል፤ ጣራውን በሣር ይከድናል፤ ይህንንም በደቦ ይፈጽማል። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎችም አቃል የሚባለው ቤታቸው የደቦይታ ወንድም ነው ለማለት ይቻላል። እሱንም የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ የሚጓዘውም በግመል ነው። በአንድ ምድር የሚኖሩ ሰዎች ከምድሪቱ አንድ ትምህርት ተምረዋል። አባቶቻችን «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በውጭ አገርም ይህን የተረዱ ሊቃውንት አሉ። ሐሰን ፋትሂ የተባለው ግብፃዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለውን መንደር በጭቃ ጡብ ሠራ። በእንጨት ሳይደግፉ የጭቃ ጣራ እንደ ቀስተ ደመና አጉብጦ መሥራትን ያገኘው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአስዋን አካባቢ ኑቢያውያን ግንበኞችን አስመጥቶ ነው። የተማረ ሰው ካልተማረው ለመጠየቅ አላፈረም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር እመጣለሁ። ይህ ጥበብ የቆመው በአዋሽ ዳር በሚበቅለው ዘንባባና እንጨት ላይ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ብዙው የወንዝ ዳር መሬት የጥጥ፣ በኋላም የሸንኮራ እርሻ ሆነ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በረሃነትን ይከላከላል ተብሎ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ወደ መካከለኛው አዋሽ ገባ። ፍሬውን የበሉ ከብቶች በፋንድያቸው ዘሩን በየቦታው አዳረሱት፤ ጎርፍም ወሰደው። ዛሬ በአሚባራና በገዋኔ ብዙ የግጦሽ መሬት ሸፍኖ ሣሩንና የአገሩን ዛፍ አጥፍቷል። ዘንባባውም ለገበያ በሚሠራው ሰሌን ምክንያት ያለ ዕረፍት ይቆረጣል። እነሆ በብዙ ደቦይታ ላይ በሰሌን ፋንታ ላስቲክና ሸራ ተጥሎ እናያለን። ላስቲኩ ይሞቃል፤ በፀሐይም ቶሎ ይቀደዳል፤ ያን ጊዜ ሌላ መግዛት ያስፈልጋል። ራሱን ችሎ ይኖር የነበረው ሰው ሳያስበው የሱቅ ባለዕዳ ሆነ ማለት ነው።

«እንግዲያው ትምህርት ቤቱንም በሰሌን እንሥራው ልትል ነውን?» ብሎ የሚጠይቀኝ ጓደኛ አይጠፋም። አይደለም። ክሊኒክ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ድልድይና የመማሪያ ክፍል ሲሚንቶና ብረት ያስፈልጋቸዋል። ሕፃናት ከከብት ጋር ሲንከራተቱ ሳይማሩ እንዲቀሩ፣ እናቶችም ሐኪም እንዲያጡ የሚፈልግ የለም። የደቦይታ ኑሮ ድካም አለው፤ የድካሙም ብዛት በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። እኔ የምለው አዲሱን ስንቀበል አሮጌውን ሳናውቀው አንጣለው ነው። ዐውቆ የተወ ሰው መርጧል፤ ሳያውቅ የተወ ግን ተዘርፏል።

ስለዚህ ሦስት አሳብ አቀርባለሁ። መጀመሪያ፥ እያንዳንዳችን በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ከአያቶቻችን ዘንድ ተቀምጠን የእንጨቱን ዓይነት፣ የቋጠሮውን ስም፣ የሰሌኑን አሠራር በአፋርኛም በአማርኛም በደብተር እንጻፍ፤ ደብተሮቹም በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ። ሁለተኛ፥ በግቢያችን ዙሪያ ዘንባባና የአገሩን ዛፍ እንትከል፤ ፕሮሶፒሱንም ከሥሩ እየነቀልን ለአጥርና ለማገዶ እናውለው። ሦስተኛ፥ በግቢው ውስጥ በእናቶች አስተማሪነት አንድ ደቦይታ በእጃችን እንሥራ። ያን ቀን መምህሮቻችን እናቶቻችን ይሆናሉ፤ ዲሬክተራችንም ከፈቀዱ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ይጎነጉናሉ።

ክቡራን ሆይ፤ ብራና ቢቃጠል ግልባጩ በሌላ ቦታ ይገኝ ይሆናል። የሰሌን ጥበብ ግን የተጻፈው በእናቶች ጣት ላይ ነው፤ ከእነሱ ጋር ከተቀበረ ግልባጭ የለውም። ማንበብና መጻፍ ያስተማረን ይህ ትምህርት ቤት ነው፤ ይህንንም ጥበብ በጽሑፍ ለማዳን ከእኛ የተሻለ የሚቀርበው የለም።