ደጁ ሳይከፈት የተዘመረ ምስጋና

ውድ ተመራቂዎች፣

ቃሊቲ ሲባል ብዙ የአገራችን ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። ለእናንተ ግን ያደጋችሁበትና የተማራችሁበት ሰፈር ነው። ያም ሆኖ በዚህ የምስጋና ጉባኤ ላይ እንድናገር ስትጋብዙኝ ከወኅኒ ቤት የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ በእኩለ ሌሊት ይዘምሩ ነበር። ይህን ታሪክ ስንሰማ ወደ ምድር መንቀጥቀጡና ወደተከፈተው ደጅ እንቸኩላለን። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለችው ሰዓት ላይ ቆም እንድትሉ እለምናችኋለሁ። ሲዘምሩ ደጁ ዝግ ነበር። ጀርባቸው ቆስሏል፤ ሲነጋ ምን እንደሚጠብቃቸው አያውቁም። አምላካቸው በዝግ ቤት ውስጥም አምላክ መሆኑን ስላመኑ አመሰገኑ። ሌሎቹ እስረኞችም ያዳምጡ ነበር። እምነት በሰው ጆሮ የሚገባው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።

ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን በእምነቱ ምክንያት ሰባት ዓመት ታስሯል። እስር ቤት ሆኖም መዝሙር መድረሱን አልተወም። በዚያን ጊዜ መከራው መቼ እንደሚያበቃ የሚነግረው ሰው አልነበረም። ወላጆቻችሁ የእሱን መዝሙሮች እየዘመሩ አሳድገዋችኋል፤ ዛሬም ይዘመራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። «ተመስገን በል» የሚለውን ቃል የተቸገረን ሰው አፍ ለማስያዝ የምንጠቀምበት ጊዜ አለ። ደመወዙ አልበቃ ያለውን ሠራተኛ፣ የቤት ኪራይ ያስጨነቃትን እናት «ከአንቺ የባሰ አለ፣ አመስግኚ» ብለን እንሸኛለን። ይህ እምነት አይደለም። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ምስጋናና እሮሮ ጎን ለጎን ናቸው፤ ዳዊት አልቅሶ ያመሰግናል፣ አመስግኖም ይጮኻል። ያዕቆብም በመልእክቱ የታረዘውንና የተራበውን ወንድም ምንም ሳይሰጡ በመልካም ቃል ብቻ ማሰናበትን ገሥጿል። ስለዚህ ማመስገን ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ ሌላውን አመስግን ብላችሁ አታስገድዱ። ለሌላው ድረሱለት።

አሁን ወደ ሰፈራችሁ፣ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ልመለስ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ከዚሁ ከአቃቂ ጉድጓዶች ይሳባል። ላይኛው ከተማ ቧንቧ ከፍቶ ሲጠጣ አቃቂን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ያው ከተማ በምላሹ የፋብሪካውንና የመጸዳጃውን ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ ይለቅቃል፤ ወንዙም በእናንተ በኩል አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። ንጹሑን ተቀብሎ ቆሻሻውን መመለስ! ምስጋና ቢስነት ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለኝም፤ የምትኖሩበት ነውና ሽታውን ሳይቀር ታውቁታላችሁ። እኛም ዕድሜና ጤና ከእግዚአብሔር እየተቀበልን ሐሜት፣ ጉቦና ቸልተኝነት የምንመልስለት ጊዜ ብዙ ነው።

ሉቃስ ስለ አሥሩ ለምጻሞች ሲጽፍ አሥሩም በአንድነት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንደለመኑ ይነግረናል። ሁሉም ነጹ፤ የተመለሰው ግን አንድ ሳምራዊ ብቻ ነበር። ኢየሱስም ዘጠኙ የት እንዳሉ ጠየቀ። ልብ በሉ፣ ያ ሰው መንገዱን አቋርጦ፣ ወደ ኋላ በእግሩ ሄዶ ነው ያመሰገነው። ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ይህን በሚገባ ያውቃሉ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል በሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ስለቱ ሰምሮለት የተሳለውን ይዞ የሚመለስ ስንት አለ! በሥርዓት ብንለያይም፣ ከተቀበሉ በኋላ መመለስን ከእነርሱ መማር ይገባናል።

ተመራቂዎች፣ ፈተና ሲደርስ «ጸልዩልን» ብላችሁ ይህን አዳራሽ ሞልታችሁት ነበር። ከዛሬ በኋላስ? አንዳንዶቻችሁ በዚሁ በአቃቂ ፋብሪካዎች በፈረቃ ትገባላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ቢሮ ትቀመጣላችሁ፣ ሥራ ፍለጋ ብዙ ወር የምትንከራተቱም ትኖራላችሁ። ሥራ ለምትፈልጉት ደጁ ገና ዝግ ነው፤ የጳውሎስና የሲላስ መዝሙር ከሁሉ በላይ የእናንተ ነው።

ከመቀመጤ በፊት የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር አለኝ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ እናትና አባታችሁን ጉልበት ስማችሁ አመስግኑ። በዚህ ሳምንት አንድ ያስተማራችሁን መምህር ፈልጋችሁ አግኙት። የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ስትቀበሉም ከራሳችሁ በፊት በኩራታችሁን ለእግዚአብሔር ለዩ፤ ገና ሥራ ያላገኘ የክፍል ጓደኛችሁንም አትርሱ።

እንኳን ደስ አላችሁ! እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።