ያረጀ ሪቮልቨር ለምን ይዛነፋል?

(ድምፅ፦ በዝግታ የሚሳብ የሽጉጥ መዶሻ፤ አራት ጊዜ «ቀጭ»)

እነዚህ አራት የ«ቀጭ» ድምፆች በ1873 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ጦር የተመረጠው የኮልት ስድስት ጎራሽ መለያ ናቸው። ሰብሳቢዎች ዛሬም ያሳድዱታል።

መዶሻው ሲሳብ አንዲት ትንሽ ብረት ጥይት የሚጎርሰውን ክብ ክፍል ገፍታ ታዞረዋለች። ሌላዋ ከሥር ብቅ ብላ ትቆልፈዋለች። ያኔ ጥይቱ ከአፈሙዙ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ገፊዋ በአገልግሎት ብዛት ካለቀች ግን ክቡ ሳይደርስ ይቆማል። በዚህ ሁኔታ ሲተኮስ እርሳሱ በአፈሙዙ የኋላ ጠርዝ ይላጫል፤ ፍንጣሪውም በጎን እየወጣ ሰው ይጎዳል።

ምርመራው ቀላል ነው። መጀመሪያ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ፤ ቀጥሎ መዶሻውን በዝግታ እየሳቡ ክቡ መቆለፉን በስድስቱም ቀዳዳ መፈተሽ። አንዱ ቀዳዳ ብቻ እንኳ ሳይቆለፍ ከቀረ ችግር አለ።

መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ገፊዋን በመጠኑ ረዘም ባለች መለወጥና እስክትገጥም በጥቂት በጥቂቱ መሞረድ ነው። ሥራውን ለጠመንጃ ጠጋኝ ይተዉት፤ ከልክ በላይ የተሞረደ ብረት አይመለስም።

ሦስት ምክር እንጨምር። የወጣችውን አሮጌ ብረት አይጣሉ፤ የሽጉጡንም ገጽ አይወልውሉ፤ ዋጋው ያለው በመጀመሪያ መልኩ ነው። ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ኮልቶች ደግሞ ለጥቁር ባሩድ የታሰቡ ናቸውና ቢጠገኑም የዘመኑን ጥይት አያጉርሷቸው።