የዳንቴል ሠሪዪቱ ክረምት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከቢሮ ወጥታችሁ ቤታችሁ ስትገቡ አረፍ የምትሉበት ወንበር መደገፊያ፥ ሻይ የሚቀርብላችሁ ጠረጴዛ፥ ምናልባትም ይህ ንግግር የሚሰማበት ሬዲዮ ራሱ በነጭ ዳንቴል የተሸፈነ ይሆናል። ዳንቴሉን የማን እጅ እንደ ሠራው፥ ስንት ቀንም እንደ ፈጀ ጠይቀን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ሥራና ሥራውን መተዳደሪያቸው ስላደረጉ አንዲት የከተማችን ወይዘሮ ነው። ስማቸው በሬዲዮ እንዲጠራ ስላልፈቀዱ፥ ወይዘሮዋ እያልሁ እቀጥላለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ዳንቴል የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን፥ ሥሩ ጥርስ የሚለው ቃል ነው፤ የሥራው ጠርዝ እንደ ሕፃን ጥርስ ተደርድሮ ስለሚታይ ነው። ኪሮሽም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ሆኖ፥ ትርጓሜው ጫፉ የተቈለመመ ትንሽ ሜንጦ ማለት ነው። አንዱ የውጤቱ፥ ሁለተኛው የመሣሪያው ስም መሆኑ ነው። በእኛ ቤቶች ግን ሁለቱ ተቀላቅለው፥ በኪሮሽ የተሠራውን ሁሉ ዳንቴል ብለን እንጠራዋለን።

ይህ ሥራ ከሹራብ ሥራ ጋር እኅትማማች ቢመስልም ጠባዩ ሌላ ነው። በሹራብ ሥራ የአንዱ መደዳ ቀለበቶች ሁሉ አፋቸውን እንደ ከፈቱ በረዥሙ መርፌ ላይ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በኪሮሽ ግን ሠሪዪቱ አንዱን ቀለበት ዘግታ ነው ወደሚቀጥለው የምታልፈው፤ መሣሪያዋንም በፈለገችው ቀዳዳ አስገብታ፥ ወደ ኋላም ወደ ጎንም እየተመለሰች ክሩን ትስባለች። ሹራብ የሚሠሩ መኪናዎች በየፋብሪካው ሞልተው ሳሉ፥ ኪሮሽን በእውነት የሚሠራ መኪና በፋብሪካ ሥራ ላይ ሳይውል የቀረው በዚህ ጠባዩ ምክንያት ነው። መኪና የሚያወጣው አስመሳዩን ብቻ ነው። እንግዲህ በሱቅ መስኮት ውስጥ ርካሽ ዋጋ የተለጠፈበት እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ስታዩ፥ ከዓለም በአንዱ ማዕዘን አንድ ሰው ተቀምጦ በጣቶቹ እንደ ሠራው አትጠራጠሩ።

ወይዘሮዋ የሦስት ልጆች እናት ሲሆኑ፥ ባለቤታቸው በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ቤት ይውላሉ፤ ቤቱም ይጠባል። ጧት ባላቸውን ሸኝተው፥ ወጡን ጥደው፥ የልጆቹን ልብስ አጣጥበው ሲጨርሱ በመስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። የክረምት ብርሃን ስስታም ነውና፥ ደኅና አድርጎ የሚያሳያቸው ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። በነጭ ክር ሲሠሩ ጉልበታቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ፥ በጥቁር ክር ሲሠሩ ነጭ ጨርቅ ይዘረጋሉ፤ ቀዳዳዎቹ ጐልተው እንዲታዩ ነው። ሽንኩርት የከተፈ፥ እርድ የነካ እጅም በሳሙና ሁለት ጊዜ ሳይታጠብ ክር አይነካም።

ከሁሉ የሚያስቸግራቸው ማድረቁ ነው። ያለቀ ዳንቴል ታጥቦ፥ በስኳር ውኃ ተነክሮ፥ በሳንቃ ላይ ጫፍ ጫፉ በስፒል ተወጥሮ መድረቅ አለበት። በበጋ ግማሽ ቀን የሚበቃው ሥራ በሐምሌ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል፤ በዚህ መካከል ስኳሩ ጉንዳን ይጠራል። ስለዚህ የሳንቃው አራት እግሮች ውኃ በተሞሉ አራት ጣሳዎች ውስጥ ቆመው ይውላሉ። ይህን ብልሃት ያወጣው የመካከለኛው ልጃቸው ነው።

ወይዘሮዋን ከሌሎች ሠሪዎች የሚለያቸው ግን ንድፉን ራሳቸው ማውጣታቸው ነው። ልጆቹ የጨረሱትን ባለ አራት ማዕዘን ሰረዝ የሒሳብ ደብተር አይጥሉትም፤ የተረፉትን ገጾች ለንድፍ ያደርጉታል። አንዱ ቤት በእርሳስ ሲጠቁር ድፍን፥ ባዶ ሲተው ደግሞ ክፍት ይሆናል። የነጠላ ጥለት፥ የላሊበላ መስቀል፥ የመሶብ አክርማ ላይ የሚታየው ጌጥ፥ ሁሉም በዚሁ መንገድ በወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። መስቀል ሲነድፉ የቤቶቹ ቍጥር ጐደሎ መሆን እንዳለበት ነግረውኛል፤ ሙሉ ከሆነ የመካከሉን ዓምድ የሚሸከም ቤት አይገኝምና። 45 ቤት ስፋት ላለው ሥራ በየቤቱ 3፥ በመጨረሻም የመዝጊያ 1 ተጨምሮ 136 ዐይን ይቈጠራል። አንድ ዐይን ቢሳሳት ስሕተቱ የሚታወቀው ከብዙ መደዳ በኋላ ነውና፥ ያ ሁሉ ይፈታል።

ክብ ሥራም የራሱ ሕግ አለው። ከሁሉ በሚያጥረው ዐይን ሲሠራ በ6 የተጀመረ ክብ በየዙሩ 6 ሲጨመርበት፥ ማለት 12፥ 18፥ 24 እያለ ሲሄድ፥ እንደ ሰሐን ዝርግ ሆኖ ይተኛል። ጭማሪው ከዚህ ካነሰ እንደ ጽዋ ይጎደጉዳል፤ ከበዛም ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል። ይህ መጨማደድ በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የሊቃውንት ጉዳይ ሆኖ ነበር። በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረች ዳይና ታይሚኛ የምትባል የላትቪያ ተወላጅ፥ ከወረቀት ሲሠራ እየተቀደደ ያስቸገረውን አንድ የጂኦሜትሪ ገጽ በኪሮሽ ሠርታ ለተማሪዎቿ አሳየች። በየመደዳው የዐይኑን ቍጥር በአንድ መጠን እያበዛች በመሄድ ነበር የሠራችው። ይህን ለወይዘሮዋ ብነግራቸው ሥራቸውን ሳያቆሙ ስቀው፥ «እኔ ይህን በልጅነቴ ሠርቼው ነበር፤ እናቴ ግን ተበላሽቷል ፍቺው አሉኝ» ብለው መለሱልኝ።

አሁን ወደ ዋጋው ነገር ልምጣ። በያዝነው ክረምት ወይዘሮዋ ለአንድ የሰርግ ቤት የትልቅ ጠረጴዛ ልብስ ታዘዋል። በርዝመቱ 12፥ በወርዱ 8 አበባ ሆኖ ጠቅላላው 96 አበባ ነው። አንዱ አበባ፥ እጅ ያልለመደው ሳይሆን የእሳቸው እጅ ሠርቶት፥ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ይህም 144 ሰዓት ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በቀን 8 ሰዓት እንሠራለን ብለን ብናስበው የ18 ቀን ሥራ ይሆናል። አበቦቹን ማያያዙ፥ ጠርዙን መዝጋቱ፥ ማጠቡና ማድረቁ ገና አልተቈጠረም። ከዚህ ሁሉ በፊትም ንድፉ በወረቀት ሲጻፍና ሲፋቅ የሰነበተባቸው ምሽቶች አሉ።

ደንበኛ በመጣ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? «እትዬ፤ ክሩን በስንት ገዙት?» የሚል ነው። የክሩ ዋጋ ከታወቀ በኋላ ለእጅ ጥቂት ተጨምሮበት ዋጋው ተቈረጠ ማለት ነው። ከቢሮአችን ገብተን ደመወዛችን በወረቀቱና በቀለሙ ዋጋ ልክ ይተመን ብንባል ምን እንደምንል እያንዳንዳችን እናስበው። በዚህ ላይ ደግሞ አዲስ ልማድ መጥቷል። ደንበኛዪቱ ናሙናውን በእጅ ስልኳ ፎቶግራፍ አንሥታ፥ «ከባለቤቴ ጋር ተማክሬ እመለሳለሁ» ብላ ትሄዳለች። ከወር በኋላ ያው አበባ በሌላ ሰው እጅ በግማሽ ዋጋ ተሠርቶ ጎረቤት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ወይዘሮዋ ይህን ሲናገሩ አይቈጡም፤ እኔ ግን እቈጣለሁ። ሠሪዪቱ ዋጋ ማርከሷ የቸገራት ብትሆን ነው፤ ንድፉን ያለ ዋጋ የወሰደችው ግን አልቸገራትም።

ይህ ነገር በእኛ ከተማ የተጀመረ አይደለም። በአየርላንድ ከ1845 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጀምሮ ድንች በበሽታ ጠፍቶ ሕዝቡ በረኃብ ሲያልቅ፥ በየገዳሙ ያሉ መነኮሳይያትና አንዳንድ ወይዛዝርት ድኻ ሴቶችን ኪሮሽ ያስተምሩ ጀመር። ክሎንስ በምትባል ከተማ የቄስ ሚስት የነበረችው ካሳንድራ ሃንድ ይህን ያቋቋመችው በ1847 ነው። የሥራው አከፋፈል የሚያስደንቅ ነው። አንዷ ጽጌረዳውን ብቻ፥ ሌላዋ ቅጠሉን ብቻ ትሠራለች፤ ሦስተኛዋም ሁሉን ሰብስባ በጨርቅ ላይ ወጥራ በመረብ ታያይዛለች። አንዳንዱ ቤተሰብም የራሱን አበባ አሠራር እንደ መድኃኒት ደብቆ፥ እንግዳ ሲገባ ሥራውን ይሸፍነው ነበር ይባላል። ያ አበባ እንጀራቸው ነበርና አይፈረድባቸውም። በዚያው ዘመን በለንደን ኤሌኖር ሪዬጎ ደ ላ ብራንሻርዲዬር የምትባል ሴት ንድፎቿን ከመደበቅ ይልቅ በስሟ በመጻሕፍት አሳትማ ትሸጥ ነበር፤ ያወጣቻቸው መጻሕፍት ከ70 በላይ ናቸው። በ1851 በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽንም ተሸልማለች። አንዱ መንገድ መደበቅ፥ ሁለተኛው መንገድ ስምን ጽፎ ማውጣት መሆኑ ነው። ወይዘሮዋ በሁለተኛው መንገድ ለመሄድ አስበው፥ ንድፎቻቸውን በአንድ ደብተር ላይ በቍጥርና በቀን መገልበጥ ጀምረዋል። ባለቤታቸውም የመዝገብ ቤት ሰው ናቸውና ለእያንዳንዱ ንድፍ የፋይል ቍጥር ሰጥተውለታል።

ክረምት ለሥራቸው የሚያስቸግረውን ያህል ለመጽሐፍ ይመቻል። ዳንቴል የሚሠራ ሰው ዐይኑ ሥራው ላይ ስለሆነ ማንበብ አይችልም፤ ጆሮው ግን ነፃ ነው። የወይዘሮዋ እናት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»፥ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ማለቴ ነው፥ የተከታተሉት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው በኪሮሽ ሥራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዛሬ በዚያ ቤት የተራኪውን ቦታ የያዘችው የ13 ዓመት ልጃቸው ናት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ በረዶ ሲጥልም ታቆማለች። ያለፈው ክረምት የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ልብ ወለድ ታሪክ ጨርሰዋል። በዚህ ክረምት ተራው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለወንጌል ከበዛብህ ዘንድ ትምህርት ወደምትጀምርበት ስፍራ ሲደርሱ፥ ልጅቱ ያን ክፍል ሁለት ጊዜ ደጋግማ አነበበችው። እናትዮዋም ያን ዕለት የሠሩት አበባ ላይ አንድ ቅጠል ቀርቶ ተገኘ፤ ተፈታ።

ስለ መካከለኛው ልጅም ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። የጉንዳኑን ብልሃት ያወጣው ይኸው የ10 ዓመት ልጅ፥ «እማዬ፤ እኔንም አስተምሪኝ» ብሎ ኪሮሽ ያዘ። አንድ ዘመድ ይህን ቢያዩ፥ «ወንድ ልጅ ምን ሲደረግ ነው?» ብለው ገሠጹ። አባትዮው ግን የለበሱትን ጋቢ ጫፍ ከፍ አድርገው አሳዩዋቸው። በአገራችን ፈትሉ የሴት፥ ሽመናው የወንድ ሥራ ሆኖ የኖረ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ያን ጋቢ ወንድ ሸማኔ እንደ ሠራው ደግሞ እንግዳው ራሳቸው ያውቁ ነበርና ነገሩ በዚያው በሣቅ አለፈ። ልጁ እስካሁን የሠራው አንድ ረዥም ሰንሰለት ብቻ ነው። ርዝመቱ ከበሩ እስከ ጓዳው ይደርሳል፤ ታናሽ እኅቱም እየጎተተችው ትጫወታለች።

ሰርጉ የሚደረገው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። እስከ ትናንት ማታ ድረስ ከ96 አበቦች 61 አልቀው በአሮጌ ብስኩት ጣሳ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የቀሩት 35 ናቸው። ወይዘሮዋ ከፍልሰታ ጾም ፍቺ በፊት አበቦቹን ጨርሰው፥ እስከ ጳጉሜን አያይዘው ለማስረከብ ቈርጠዋል፤ በሚከፈላቸውም ገንዘብ የሦስቱ ልጆች ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስ ይገዛል። ስለ ዋጋው ከሰርገኞቹ ጋር በተነጋገሩ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የክሩን ደረሰኝ ሳይሆን፥ ባለቤታቸው በንጹሕ ወረቀት የጻፉትን የሰዓቱን ሒሳብ ነበር ያቀረቡት። የሙሽራዪቱ አባት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ቀብዱን ከፈሉ።

የተሰጠኝ ሰዓት እዚህ ላይ አብቅቷል።