ምስጋናና ያለፈ ዘመን
በደብሩ ኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ



በኦሪቱ ሕግ በኢዮቤልዩ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፥ ርስቱን የሸጠውም ወደ ርስቱ ይመለሳል። ከካዛንቺስ ወደዚህ በዓል የመጣ ሰው ግን የሚመለስበት ቤት የለው ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት የሰፈሩ እጅግ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ነዋሪውም ገላን ጉራን ወደ መሰሉ የከተማ ዳር ስፍራዎች ሄዷል። እንዲህ ያለውን ሰው «ስላለፈው አመስግን» ማለት ምን ማለት ነው?

የአገራችን ሰው «እንዴት አደርክ» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ታሞም ቢያድር መልሱ አይለወጥም። ታላቅ ልማድ ነው፤ ዳሩ ግን አፍ ልብን ቀድሞ የሚሮጥበት ጊዜ አለ። ቅዳሴው አይቸኩልም። በጸሎተ አኰቴት ካህኑ ስለሚመጣው ከመለመኑ አስቀድሞ ያለፈውን ይቈጥራል፤ መጠበቁን፥ መረዳቱን፥ እስከዚህች ሰዓት መድረሱን ለየብቻው ይጠራል።

የዘመኑ የሥነ ልቡና መርማሪዎች የደረሱበትም ከዚህ አይርቅም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ሮበርት ኤመንስና ማይክል መከላ የተባሉ አሜሪካውያን ባሳተሙት ጥናት፥ አንዳንድ ተማሪዎች የሚያመሰግኑባቸውን እስከ አምስት የሚደርሱ ነገሮች በየሳምንቱ ለ10 ሳምንት ጻፉ፤ ሌሎች ያስመረራቸውን ጻፉ። ያመሰገኑት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት ተገኘባቸው። ይልቁንም የሚያስደንቀው በ2008 ፊሊፕ ዋትኪንስና ባልንጀሮቹ ያወጡት ነው። ሰዎቹ ልባቸውን ያላሳረፈ ክፉ ትዝታ አነሡ፤ ክፉው በጎ ነበር እንዲሉ ሳይሆን፥ ከእርሱ በኋላ የሚመሰገን ምን እንደ ተከተለ እንዲጽፉ ተጠየቁ። ትዝታው ሳይጠፋ ሕመሙ ቀለለላቸው።

ቅኔ የቈጠረ ሰው ይህን ቶሎ ያስተውለዋል፤ ሰሙን ያበላሸ ተማሪ ወርቁንም ያጣልና። ያለፈው ነገር ሰም ነው። ቤቱ ፈርሷል፥ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቷል፤ ይህን የሚክድ ምስጋና ውዳሴ ከንቱ ነው። ያዘነውን «አመስግን እንጂ አታልቅስ» የሚሉትም አፉን ይዘጉታል እንጂ አያጽናኑትም።

የካዛንቺስ ስም ራሱ ምስክር ነው። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ለመንግሥቱ ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የኢጣልያ ድርጅት ኢንቺስ ይባል ነበር፤ የሰፈሩም ስም «የኢንቺስ ቤቶች» ከማለት መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ያለቀው ሕዝብ አይረሳም። ሆኖም በዚያው ሰፈር ልጆች ተወለዱ፥ ክርስትና ተነሡ፥ ተዳሩ፤ ጠላት ያመጣው ስም የእናት ቤት መጠሪያ ሆነ።

ኢየሉጣም ውሃው የሚፈላበትን ጋን ባየች ጊዜ ፈርታ ነበር፤ ያበረታት ሕፃኑ ቂርቆስ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 19 ቀን መዳናቸውን ስታከብር የእናቲቱን ፍርሃት ከታሪኩ አላወጣችም።

እንግዲህ በወር በ15 ቀን ከሩቅ የመጣው የካዛንቺስ ሰው የቀድሞ ጎረቤቱን በደጀ ሰላሙ ቢያገኝ፥ በሕመሙ ያስታመመውን፥ በሐዘኑ ድንኳን የተከለለትን፥ ቡና የጠራችውን በየስሙ ያንሣ። እንባም ቢመጣ ይምጣ። ደብሩም መዝገብ ከፍቶ ማን ከማን አጠገብ ይኖር እንደ ነበር፥ ዛሬም ወዴት እንደ ሄደ ቢጽፍ፥ በለቅሶ ቀን ፈልጎ ለመድረስ ይጠቅማል።